ለዶሮ የተሠራው እንግዳ ቤት

ስሟን ባልጠራ የማትቀየመኝ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። መስጊዷ ከወንዝ ወዲህ፣ ገበያዋ ከወንዝ ወዲያ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ከአንድ ምንጭ ይቀዱባታል፤ የአንዱ በዓል ለሌላው ገበያ ይሆንባታል። በታችኛው ሠፈሯ ሸህ ተማም የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ኪታብ ያቀራሉ፣ ኒካሕ ያስራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ለዚህ ሁሉ ግን ከማንም እጅ ምንም አይቀበሉም። «የሚያስተምር ሰው ዓይኑ ወደ ተማሪው እጅ ከሄደ ኪታቡን አያየውም» ይሉ ነበር። የሚተዳደሩት በዶሮ ነው። አርባ ዶሮ አላቸው፤ ላባቸው የሚያብለጨልጭ፣ እንቁላላቸው ክረምት ከበጋ የማይቋረጥ አርባ ዶሮ።

ከአጥራቸው ወዲህ ረምላ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ረምላ ሰላቷን የማታጓድል፣ አዛኝ፣ ታታሪ ሴት ናት። አንድ አመል ግን ነበረባት፤ ያላወቀችው ነገር ካለ ምግብ አይበላላትም። ጎረቤት ድስት ከከደነ ምን እንደከደነ፣ መንገደኛ ካለፈ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ አታድርም። ሠፈሩ «የእሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላት ነበር። ሐሜት ቢመስልም ሐሜት አልነበረም፤ ድስቷ ብዙ ጊዜ ያርር ነበርና።

እሷም ዶሮ ታረባ ነበር። የእሷ ዶሮዎች ግን አንድ ወር ጥለው ሁለት ወር ያርፋሉ፤ አንዱን ሸለመጥማጥ ይበላዋል፣ ሌላውን ቅማል ያከሳዋል። «የእኔም ዶሮ፣ የእሳቸውም ዶሮ። የእኔም ጥሬ ማሽላ፣ የእሳቸውም ማሽላ። ምን ቢያደርጉላቸው ነው?» ብላ በአጥሩ ቀዳዳ መመልከት ጀመረች።

ያየችው ብዙ ነው። የሸህ ተማም ዶሮዎች ቤት ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ቆሟል። ወለሉ ሳሳ ተደርጎ የተረበረበ እንጨት ስለሆነ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ዶሮዎቹ አይተኙበትም። በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ሸህ ተማም ከሱብሂ ሰላት በኋላ ኩሱን ጠርገው ወደ ጎመኑ መደብ ይወስዳሉ፤ ውኃ የሚጠጡበትን ገል በአሸዋ ፈትገው ያጥባሉ። ከግራዋው ሥር አመድ የሞላ ጉድጓድ አለ፤ ዶሮዎቹ እዚያ ገብተው ሲንከባለሉ ቅማሉ ይረግፋል። መጣል ያቆመችውን ዶሮ ለይተው ይሸጧታል፤ «አረጀች ብሎ ማዘን ደግ ነው፤ እህሉን ግን የምትጥለዋ ትብላው» ይላሉ። ረምላ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ቀዳች። ቆጧን ከቤቷ አውጥታ በእንጨት ላይ አቆመች፣ አመድ አፈሰሰች፣ ገል አጠበች። ወላሂ፣ እንቁላሉ በዓይኗ እያየች ጨመረ።

አንድ ነገር ግን አልገባትም። ከግቢያቸው ጥግ፣ ከትልቁ የዶሮ ቤት በጣም ርቃ፣ አንዲት ትንሽ የዶሮ ቤት አለች። የራሷ ገል፣ የራሷ መጥረጊያ አላት። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናት። ባዶ ሆና ሳለ ግን ሸህ ተማም ይመርጓታል፣ ይጠርጓታል፣ አመድ ይነሰንሱባታል። አንዳንዴ አንዲት ዶሮ ለብቻዋ ትገባባታለች። ያን ጊዜ ሸህ ተማም ሌሎቹን ሁሉ አብልተው ሲጨርሱ በመጨረሻ ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም እጅ እግራቸውን ውዱእ እንደሚያደርግ ሰው ይታጠባሉ።

ባዶ ቤት ማን ይለስናል? ረምላ ስታስብ ከረመች። ሂርዝ የሚሉት ክታብ ተቀብሮባት ይሆን? ዱዓ የሚደረገው እዚያ ይሆን? የእነዚያ የአርባዎቹ በረካ ከዚያች ቤት የሚወጣ ይሆን? በመጨረሻ አላስችል ሲላት በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጠየቀች።

«ሸህ፣ ያች ትንሿ ቤት የምንድን ናት?»

«እንግዳ ቤት ናት።»

«የዶሮ እንግዳ ቤት?»

«የዶሮ እንግዳ ቤት። ለሰው እንግዳ ሦስት ቀን፤ ለዶሮ እንግዳ ሦስት ጁሙዓ» አሉና መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ዐስር ሰላት ሄዱ።

መልሱ ጥያቄውን አባሰባት። ሦስት ጁሙዓ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ምን ይቀራላታል ለያች ዶሮ? የኛ ሰው «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይላል። ረምላም ስትጭር ቆይታ አንድ ሐሳብ አወጣች፤ ለእንግዳ ቤቷ እንግዳ እልካለሁ አለች። አንዲት ዶሮ በሰደቃ ስም ብትሰጣቸው፣ «የሰጠሁዎት ዶሮ እንዴት ናት?» እያለች በየቀኑ ገብታ የሚያደርጉትን ማየት ትችላለች።

የትኛዋን ትስጥ? አሥራ ዘጠኝ ቄቦች ነበሯት፤ ገና ሊጥሉ የደረሱ። አሥራ ስምንቱ የታሰቡ ናቸው። ከላይኛው ሠፈር ያለ አንድ ሰው የምትታለብ ፍየሉን በአሥራ ስምንት ቄብ ሊለውጣት ቃል ሰጥቷታል። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ከወተት በቀር የሚስማማቸው የሌለ አሮጊት እናት አሏት፤ ያችን ፍየል እንደ ልጅ ልጅ ይጠብቋታል። አሥራ ዘጠነኛዋ ገብስማ ናት። ከጠዋት ጀምሮ ላባዋን ነፍታ፣ ዓይኗን ከደን ገለጥ እያደረገች ጥግ ቆማለች። ረምላ አየቻትና «ይቺ ለሰደቃ ትሆናለች» አለች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ልቤን ስለሚያሳክከኝ። ስንቶቻችን ነን ለሰደቃ ሲሆን የተበላሸችውን የምናስታውስ? የተቀደደ ጋቢ፣ የነቀዘ ጤፍ፣ የጎመዘዘ እርጎ ስናይ ወዲያው ድሃ ትዝ ይለናል። ለእኛ ቢሰጡን ፊታችንን አዙረን የምንቀበለውን ለአላህ ብለን እንሰጣለን። ረምላም እንደኛው ሰው ነበረች።

ሸህ ተማም ገብስማዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ዓይኗን አዩ፤ ክንፏን ገልጠው አዩ። ከዚያም ረምላን አየት አደረጓትና «አላህ ይቀበልሽ፣ ልጄ» ብለው ዶሮዋን ወደ እንግዳ ቤቷ ወሰዱ።

ረምላ በማግስቱ መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን መጣች። ያየችው ምሥጢር የለም። ሸህ ተማም ጥሬ ይሰጣሉ፣ ውኃ ይቀይራሉ፣ ከዚያ ፈንጠር ብለው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዶሮዋን ዝም ብለው ያያሉ። ኪታብ የሚያነቡ ይመስል ረጅም ጊዜ ያያሉ። «ይኸው ነው?» አለች ረምላ በሆዷ። የዚያን ሁሉ ጊዜ ድካሟን አስባ ተናደደች።

በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ገብስማዋ አንገቷ ተጠማዞ፣ ከሥሯ አረንጓዴ ቅዘን ፈሶ፣ ሞታ ተገኘች። ሸህ ተማም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ አመድና ኖራ ነስንሰው ቀበሯት። ታጥበው ልብሳቸውን ቀየሩ። ረምላ በአጥሩ በኩል ቆማ ነበር።

«ፈንግል ነው» አሏት።

ፈንግል የዶሮ ወረርሽኝ ነው፤ አንድ ቤት ከገባ ቆጡን ባዶ ሳያደርግ አይወጣም።

«ቤት ያሉት ደህና ናቸው?» ብለው ጠየቋት ሸህ ተማም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ቄቦች ጥሬ አልነኩም ነበር። ረምላ ግን ፍየሏ ታየቻት፤ እናቷ ታየቻት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ምላሷ ላይ እንደ ሬት መረራት።

በዚያች ከተማ ደንቡ እንዲህ ነበር፦ አንዲት ዶሮ አንገቷን ከደፋች የቀሩትን አስሮ ገበያ መሮጥ። ለዚህም ነው ፈንግል በየዓመቱ ከሠፈር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሠፈር የሚመላለሰው። ማንም ነውር ብሎት አያውቅም። ያም ሳምንት የሁዳዴ ጾም የሚያበቃበት፣ ክርስቲያኑ ለፋሲካ ዶሮ የሚሻበት ሳምንት ነበር። ቅዳሜ የዓመቱ ትልቁ የዶሮ ገበያ ይቆማል።

ሐሙስ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ የዶሮ ነጋዴው አሊጋዝ ሸህ ተማም ግቢ ደረሰ። ረምላ በአጥሩ ቀዳዳ ተለጥፋ አዳመጠች።

«ሱብሓነላህ! እንዲህ ያለ ዶሮ ከወንዝ ማዶም የለ» አለ አሊጋዝ። «ሸህ፣ አርባውንም ልውሰድልዎት። ሁዳዴ የፈታ ሰው በዋጋ አይከራከርም።»

«አይሸጡም።»

«ምነው ሸህ? ዋጋ ሳንነጋገር?»

«ዛሬ ጠዋት ግቢዬ ውስጥ አንዲት ዶሮ በፈንግል ሞታለች።»

አሊጋዝ አርባውን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። «እነዚህ እኮ ደህና ናቸው! በዓይኔ እያየኋቸው?»

«ዓይንህ የሚያየው የዛሬን ነው። ፈንግል ውስጥ ለውስጥ ሰንብቶ ነው የሚወጣው።»

«ታዲያ ማን ያውቃል? እኔም አልናገር፣ እርስዎም አይናገሩ። ደግሞስ ገዢው ክርስቲያኑ ነው፤ ቅዳሜ ገዝቶ ለእሑድ ያርደዋል። ድስት ውስጥ ፈንግል የለ።»

ሸህ ተማም ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ረምላ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። «ሐቅ ሃይማኖት አይጠይቅም፣ አሊጋዝ! ደግሞ ሁሉም አያርድም። አንዱ ለእርባታ ይወስዳታል፣ ከልጆቹ ዶሮዎች ጋር ቆጥ ላይ ያሰፍራታል። ያን ጊዜ የሞተው ሁሉ በእኔ ጫንቃ ላይ ነው።»

አሊጋዝ «ለመሆኑ የሞተችው የማን ዶሮ ናት?» አለ።

ረምላ ጆሮዋን ይበልጥ ወደ ቀዳዳው አስጠጋች።

«የእኔ ዶሮ ናት» አሉ ሸህ ተማም። «እጄ ከገባች በኋላ የእኔ ናት።»

በማግስቱ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሸህ ተማም ከመስጊዱ በር ቆመው ተናገሩ። «ያ ጀማዓ፣ በሠፈራችን ፈንግል ገብቷል። መጀመሪያ የታየው በእኔ ግቢ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ ከብት ወደ ጤነኛው እንዳይቀላቀል አዘዋል። ከታችኛው ሠፈር አንድም ዶሮ ወንዙን አይሻገር። ሦስት ጁሙዓ ዶሮዎቻችሁን ዝጉ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ረምላ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ከሴቶቹ ጋር ወደ ቤት ስትመለስ የሚሉትን ትሰማለች። «በሽታውን የሚያመጡት እሳቸው፣ የምንከስረው እኛ!» ትላለች አንዷ። «ያች እንግዳ ቤታቸው ናት ከየገበያው ፈንግል የለቀመች። ሰው ሁሉ በረካ አላት ሲል ነበር፤ በረካው ይኸው!» ትላለች ሌላዋ። ረምላ ወሬ ሲወራ ዝም ስትል በሕይወቷ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ቤቷ ስትደርስ አንዲት ቄብ ሞታለች። አሥራ ሰባት ቀሩ። አሊጋዝ ደግሞ ከበሯ ቆሞ ይጠብቃታል።

«እቴ ረምላ፣ ቶሎ በይ» አለ። «ሸህዬው አብደዋል፤ ነገ መሻገሪያውን ሊዘጉት ነው አሉ። አሁን ከሰጠሽኝ ሳይመሽ ማዶ ነኝ። ለፍየልሽ የሚበቃሽን እሰጥሻለሁ።»

ረምላ ገመድ አመጣች። ጤነኛ የሚመስሉትን እየመረጠች እግራቸውን አሰረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከቤት ውስጥ እናቷ «ረምላ፣ ማን ነው የመጣው?» ይላሉ። ስድስተኛዋን ስታስር ግን ያ የጥንት አመሏ ተነሳባት። ምን ታድርግ፣ ሳታውቅ መቀመጥ አልተፈጠረላትም።

«እነዚህን ለማን ነው የምትሸጣቸው?» አለች።

«ያንቺዎቹ ቄብ ናቸው፤ ለድስት ይሳሳሉ» አለ አሊጋዝ ዶሮ የሚያንጠለጥልበትን ዱላ እያስተካከለ። «ማዶ አንዲት ሴትዮ አለች። ዘንድሮ ባሏ ሞቶባት ዶሮ ልጀምር ብላ ቄብ አምጣልኝ ብላኛለች። ሁለት ሕፃናት አሏት። ለእሷ ነው።»

የረምላ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። ባሏ የሞተ ዓመት እሷም ስድስት ቄብ ገዝታ ነበር የጀመረችው። ያች ማዶ ያለችው ሴት ቄቦቹን ስትቀበል እንዴት እንደምትደሰት፣ የት እንደምታስቀምጣቸው፣ ጠዋት ተነስታ ምን እንደምታገኝ ሁሉ ታያት። ያወቀችውን ነገር ከእንግዲህ አለማወቅ አይቻላትም። አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ አሊጋዝ።

«ታመዋል» አለች። «ሂድልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሰዉ የሸህን ቃል ትቶ ዶሮውን በቅርጫት፣ በዱላ አንጠልጥሎ ወደ መሻገሪያው ወርዶ ነበር። ሸህ ተማም ብቻቸውን ምርኩዛቸውን ይዘው ከውኃው ዳር ቆመዋል። አይከለክሉም፤ ዱላም አላነሱ። ሰዉ ግን ፊታቸውን እያየ ለማለፍ አፍሮ ተኮልኩሏል።

«ሸህ፣ በሽታው የእርስዎ ነው። ኪሳራው ለምን የእኛ ይሆናል?» አለች አንዲት ሴት ከመሃል።

ረምላ በሰዉ መሃል ሰንጥቃ ወጣች፤ በእጇ ትናንት ያሰረችበትን ገመድ ይዛለች።

«በሽታው የእሳቸው አይደለም!» አለች። «የእኔ ነው። የሞተችውን ዶሮ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ላባዋን ነፍታ ቆማ እያየሁ፣ ለሰደቃ ትሆናለች ብዬ ሰጠኋቸው። ሲጠይቁኝም ዋሸኋቸው። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሞተውብኛል። እሳቸው ስሜን ደብቀው የእኔን ስድብ ጠጡ። ልትሰድቡ ከሆነ ይኸው፣ እኔ እዚህ አለሁ።»

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቅርጫቱን አነሳና ወደ መጣበት ተመለሰ። ሌላውም ተከተለ። ያች ተናጋሪ ሴት ምራቋን እንትፍ ብላ፣ ረምላን ገላምጣ፣ እሷም ተመለሰች። አሊጋዝ ባዶ ዱላውን ተሸክሞ ብቻውን እያጉተመተመ ተሻገረ።

ከረምላ ዶሮዎች አምስት ብቻ ተረፉ። ፈንግሉ ሁለት ቤት ነክቶ እዚያው ቆመ፤ ከወንዝ ማዶ በዚያ ዓመት ስለ ፈንግል የሰማ የለም። ከሸህ ተማም አርባ ዶሮዎች አንድም አልሞተም፤ እንግዳዋ ከእነሱ ተለይታ ስለነበር ደጃፏን እንኳ አልረገጡምና። የፋሲካው ገበያ ግን አመለጣቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥሬ እያበሉ ተቀመጡ። ፍየሏም ለሌላ ሰው ሄደች። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት የሸህ ተማም ባለቤት በየጠዋቱ ከጎረቤት የገዛችውን አንድ ዋንጫ ወተት በአጥሩ ላይ ታቀብል ነበር፤ «ለእናትሽ» ትላለች፣ ሌላ ነገር አትጨምርም። ረምላ እየተቀበለች ታለቅስ ነበር።

ከሦስተኛው ጁሙዓ በኋላ ሸህ ተማም እንጨት ተሸክመው ረምላ ግቢ ገቡ። ከግቢው ጥግ፣ ከዶሮ ቤቷ ርቀው፣ አራት እንጨት ተከሉና ጭቃ ማቡካት ጀመሩ። ረምላ ጭድ ታቀብላለች። አዲሷ እንግዳ ቤት ቁመቷ መታየት ሲጀምር ረምላ ተቅበጠበጠች።

«ሸህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«አንድ ብቻ ከሆነ» አሉ ፈገግ ብለው።

«ገብስማዋን የተቀበሉኝ ቀን መታመሟን አውቀው ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ሲሰድብዎት ስሜን ለምን አልጠሩም?»

ሸህ ተማም አንድ እፍኝ ጭቃ ግድግዳው ላይ ለጠፉ፤ በመዳፋቸው አለሰለሱት።

«የዶሮዋን በሽታ ዘግቼ፣ የሰውን ነውር ገበያ ላውጣ?» አሉ።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ ብዙ አሰብኩበት። ሸህ ተማም ሁሉንም አልደበቁም፤ ሁሉንም አልተናገሩም። ሰው የሚጎዳበትን፣ የበሽታውን ነገር፣ በመስጊድ በር ቆመው በራሳቸው ስም ተናገሩ። ሰው የማይጠቀምበትን፣ የአንዲት ድሃ ሴትን ጥፋት፣ በሆዳቸው ያዙ። እኛ የተገላቢጦሽ ነን። የዕቃችንን ጉድለት ከጆንያው ሥር እንሸሽጋለን፤ የጎረቤታችንን ጉድለት ግን ሳይነጋ ገበያ እናወጣዋለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እውነት ነው። መድኃኒት የሚሻው ግን የራስ በሽታ እንጂ የሰው ወሬ አይደለም።

ረምላ ፍየሏን በዓመቱ አገኘች፤ እናቷም ወተቷን ጠጡ። ጠያቂነቷን አልተወችም፤ እንዲያውም እያረጀች ስትሄድ ብሶባታል ይላሉ። ብቻ ከዚያ በኋላ ሴቶች መጥተው «እገሊትን ሰማሽ?» ሲሏት፣ እስከ መጨረሻው በጥሞና ታዳምጥና «በሉ እንግዳ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ ሦስት ጁሙዓ ይቆይ» ትላቸው ነበር። አብዛኛው ወሬ ሦስተኛውን ጁሙዓ ሳያይ እዚያው ሞቶ ይገኛል።